ሦስት ቀለም ያለው ቦርሳ

ከቦጎታ ከተማ ዳር ባለው በካሱካ ዳገት ላይ የመጀመሪያውን ቀይ ጨርቅ ያየችው እናቴ ናት። ማለዳ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፤ ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

«እዚህም ደረሱብን» አለች።

«እነማን?»

«ራስህ እይ።»

በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ከጎርፍ መውረጃው ማዶ፣ ዶኛ ፊደሊና የሚባሉት ባልቴት በር ላይ አንድ ቀይ ፎጣ በምስማር ተንጠልጥሏል። ከእሳቸው በላይ ካለው ቤት ደግሞ የሕፃን ልጅ ቀይ ቀሚስ። ከዚያም በላይ የአንሶላ ቁራጭ። ዘወር ስል እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኖቿ መካከል ቀብራ ነበር።

እኛ የመጣነው ከሐይቅ ዳሯ ከተማ ከማራካይቦ ነው፤ ከቬኔዙዌላ። በሰፈራችን የመንግሥት የምግብ ካርቶን ሲታደል የገዢውን ፓርቲ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ሰው ቀድሞ ያገኝ ነበር። እናቴ ቀይ አልለብስም ብላ ሦስት ዓመት ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ብዙ ጊዜ ሰልፉ ሳያልቅ ካርቶኑ ያልቃል። አባቴ የሞተው በዚያ ወቅት ነው። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ በር ላይ ተሰቅሎ ስታይ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ይህ ቤት ቀይ አይሰቀልበትም፣ ዮልቤር። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

ወረርሽኙ ገብቶ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ከታዘዘ ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። ከዚያ በፊት ወደ ቦጎታ በሚወርዱት አውቶቡሶች ላይ ከረሜላ እሸጥ ነበር። ሌሎቹ ሻጮች አውቶቡሱ መሐል ቆመው ጮክ ብለው ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ አንዳንዱም ይዘፍናል። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ከረሜላ ላይ ትንሽ ወረቀት አያይዤ፣ በተሳፋሪው ጉልበት ላይ እያስቀመጥኩ እስከ ኋላ እሄድና ስመለስ ወይ ገንዘቡን ወይ ከረሜላውን እሰበስባለሁ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦ «መናገር ያሳፍረኛል። ሥራዬ ይህ ነው። ካልፈለጉት ከረሜላውን መልሱልኝ፣ አልቀየምም።» ሰዎች አንብበው ፈገግ ይሉ ነበር። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ፊደል አልስትም፤ እናቴም በዚህ ትኮራለች።

አውቶቡሶቹ ባዶ ሲሆኑ በእጄ የቀረው አንድ ካርቶን ከረሜላ ነበር። እናቴ አልጋ ሥር ከተተችው። «ይህ የሥራ ዕቃህ ነው። አውቶቡሱ ሲመለስ ምን ይዘህ ልትወጣ ነው?» አለችኝ። እኔም አልነካሁትም። እሷ ደግሞ ብትፈልግም አትችልም፤ የስኳር በሽተኛ ናት።

ስለ መድኃኒቷ መናገር አለብኝ። ማራካይቦ ሳለን የስኳር ክኒኗ ከየፋርማሲው ጠፋ። ሰው ክኒን በግማሽ ይሸጥ ነበር፤ በሩብ የሸጠልንም አለ። እናቴ ሁለት ዓመት ያህል አንዱን ቀን ውጣ አንዱን ቀን እየዘለለች ኖራ፣ ዓይኗ ደክሞ እግሯም ደንዝዞ ነበር ድንበር የተሻገርነው። እዚህ ስንደርስ ለስደተኛ በነፃ የምታክም አንዲት ክሊኒክ የሦስት ወር ክኒን በአንድ ጊዜ ሰጠቻት። እናቴ ያን ዕለት ሣጥኑን ደረቷ ላይ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ቅዱስ ነገር የተሸከመች ትመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ አንድም ቀን አላጓደለችም። ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ ክኒኑ ይዋጣል።

የጨርቁን ነገር የሰማሁት ውሃ ወረፋ ላይ ነው። የውሃው ቦቴ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ሁለት ጀሪካን ይዤ ስቆም ዶኛ ፊደሊና ከፊቴ ነበሩ። ማስካቸው ሁልጊዜ ከአፍንጫቸው በታች ነው።

«ይኸው ቬኔኮው መጣ» አሉ፤ እዚህ ሲሰድቡን እንዲያ ይሉናል። «ሁለት ጀሪካን ይዟል ደግሞ። አገራችሁ ያ ሁሉ ሐይቅ ነበረ ይባላል፤ ጠጥታችሁ ጨርሳችሁት ነው የመጣችሁት?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጀሪካኔን አየሁ።

«ምላስ የለውም እንዴ ይሄ ልጅ?»

«ዓይን አፋር ነው፣ ዶኛ ፊደሊና። ተዪው እባክሽ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እኔም ሌላ ምን የምስቅበት አለኝ ዛሬ? ቤቴ ያለው አንድ ድስት የፓኔላ ስኳር ውሃ ነው። ፎጣዬን ከሰቀልኩ አራት ቀኔ፤ አንድ ሰው ብቅ አላለም።»

እንግዲህ የጨርቁ ትርጉም ይህ ነበር። ቤቱ ምግብ ያጣ ሰው በሩ ላይ ቀይ ነገር ይሰቅላል፤ ያለው ያይና ያመጣለታል። ሌላ ምንም የለበትም። ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች።

«እማዬ፣ ተርበው ነው እኮ።»

«እኛ ደግሞ አልተራብንም። ሩዝ አለን።»

በእርግጥም ሩዝ ነበረን። በቀን አንዴ ይቀቀላል፤ እኔ እበላለሁ፣ እሷ በኋላ እበላለሁ ትላለች። የሚገርመኝ ነገር ድስቱ ነበር። ከላዩ ቢበላም በማግስቱ ሳየው የሚጎድለው በጣም ጥቂት ነው። ይህን እያየሁ በልቤ ተደንቄ ነበር። እግዚአብሔር እያበረከተልን ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በየቀኑ ጨርቁ እየበዛ ሄደ። ከእኛ መስኮት የሚታየው ዳገት ከታች እስከ ጫፍ የጡብና የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ግራጫ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀላ። ካልሲ ሰቀሉ፣ የልደት ፊኛ ሰቀሉ፣ አንዱ ቤት ቀይ ባልዲውን እንዳለ በገመድ አንጠልጥሎት ነፋስ ሲነካው ከግድግዳው ጋር ይላተም ነበር። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሣ ዳገቱ ሁሉ አንድ ላይ ያ ቀለም ይሆናል። ያን ያህል ሰው እኩል መራቡ ያስፈራል። ያን ያህል ሰው ሳያፍር መናገሩ ግን ከፍርሃት የተለየ ስሜት ሰጠኝ፤ ስሙን አላውቀውም። እኔ ለአንድ ከረሜላ አፌን መክፈት የማልችል ሰው ነኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ውሃው ወረድኩ። እናቴ ክኒኗን ስትውጥ አይቻት ነው የወጣሁት። ስመለስ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር።

አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እናቴ የካሱካን ብርድ ጨርሶ ያልለመደች፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትንቀጠቀጥ ሰው ናት። አሁን ሹራቧ በላብ ረጥቧል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«ኔፕታሊ» አለችኝ። የአባቴ ስም ነው። «ጀልባዋን የት አሰርካት?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ነፋሱ ተነሥቷል እኮ። ለምን አታስራትም?» ተቆጣች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይኗ እኔ ላይ አይቆምም።

ያን ጊዜ ያሰብኩት በሽታውን ነው። ቫይረሱን። ከታች መንገድ አንድ ሰውዬን ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወስደውት ነበር፤ ሚስቱ ዳግመኛ አላየችውም፤ አከራዩም በሩን ቆለፈባት ተባለ። ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የለም፤ እንዲያውም እንደ ግድግዳው ይቀዘቅዛል።

እናቴ በዚህ መሐል እጇን አልጋው ሥር ሰደደች። ካርቶኑን ጎተተችው። አንድ ከረሜላ አነሣችና መጠቅለያውን ልትከፍት ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ከነወረቀቱ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ከጥርሷ መካከል አወጣሁባት።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ይህ ነበር። ሐኪሙ ስኳር መርዟ ነው ብሎ ነግሮናል። በልደት ቀን ኬክ ሲቆረስ ከእጇ የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ እሷም እየሳቀች «ዘበኛዬ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ሥራዬን ሠራሁ። ካርቶኑን አንሥቼ ቁምሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ተከትላ በዓይኗ አየችውና አለቀሰች።

«ለምን ትከለክለኛለህ?» አለች፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ነበር።

መስኮቱን ከፈትኩ። ሰው ልጠራ ነበር የፈለግሁት። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ሞከርኩ። ማዶ ያሉት ጨርቆች በነፋስ ይወዛወዛሉ፤ እኔ እንደ ዓሣ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ቀይ ነገር ፈለግሁ። እናቴ ግን በቤታችን ቀይ ነገር እንዳይኖር ተጠንቅቃ ነበር፤ ልብስ የለም፣ ፎጣ የለም፣ ክር እንኳ የለም። ከዚያ ቦርሳው ትዝ አለኝ። ባገራችን ለተማሪ የሚታደል ቦርሳ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ። እሱን አዝለን ነው በእግር ድንበር የተሻገርነው። እዚህ ግን ያን ቦርሳ ያዘለ ሁሉ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይጠይቀው ያውቁታል፤ ስለዚህ እናቴ አጣጥፋ ፍራሽ ሥር ደብቃው ነበር። አወጣሁት። በአንዱ ማንገቻው መስኮቱ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ቀዩ ከመዳፌ አይሰፋም። ከላዩ ቢጫውና ሰማያዊው እንዳለ ነው።

ዶኛ ፊደሊና በራቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ቦርሳውን አዩ። ተመልሰው ገቡ። በቃ፣ ቬኔኮ መሆናችንን አይተው ተዉን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ግን ድስት ይዘው ወጡና ጎርፍ መውረጃው ላይ በተጋደመው ሳንቃ መሻገር ጀመሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሁለት እጃቸው ድስት ይዘው፣ እግራቸውን ሳያዩ።

«አንተ ምላስ የሌለህ» አሉ ገና በሩ ላይ። «ሰው ጨርቅ ይሰቅላል፤ አንተ ቦርሳ ትሰቅላለህ? ትምህርት ቤት ልትልከን ነው?»

ከዚያ እናቴን አዩ። ድስቱን አስቀመጡ።

«መድኃኒት ትወስዳለች?»

«የስኳር።»

«ዛሬ ውጣለች?»

«አዎ።»

«በልታለች?»

«ሩዝ አለ፣ ትበላለች» ብዬ ድስቱን ላሳያቸው ክዳኑን አነሣሁ። ሩዙ ትናንት እኔ ከተውኩት ላይ ነቅነቅ አላለም። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚበረክተው ሩዝ የእናቴ ድርሻ ነበር። ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ።

ዶኛ ፊደሊና ከድስታቸው በኩባያ ቀዱ። ፓኔላ የሸንኮራ ስኳር ነው፤ እዚህ አገር ቤት ምንም ቢጠፋ እሱን በውሃ አፍልተው ይጠጣሉ። እኔ በመካከል ቆምኩ።

«ስኳር ነው» አልኳቸው። «ይገድላታል።»

«ዞር በል።»

«የስኳር በሽተኛ ናት እኮ።»

«ባሌም የስኳር በሽተኛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አስታምሜዋለሁ። ክኒኑ የሚሠራው ምግቡ ላይ ነው፤ ምግብ ሲያጣ እሷ ላይ ይሠራል። ደሟ ውስጥ ስኳር አልቆ ነው እንዲህ የሆነችው። አሁን ዞር ትላለህ ወይስ ድስቱን ራስህ ላይ ልድፋው?»

ዞር አልኩ። ተንበርክከው የእናቴን ራስ በክንዳቸው ደገፉና ኩባያውን ወደ ከንፈሯ አቀረቡ። «ቀስ ብለሽ፣ ጎረቤቴ። እንዳትታነቂ። አንድ ጉንጭ። ሌላ ደግሞ።» ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ዋጠች።

«ያ ላይ ያለው ካርቶን ምንድን ነው?»

«ከረሜላ» አልኩ።

ዶኛ ፊደሊና ቀና ብለው አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። «አምጣው» አሉ ብቻ፣ በለሆሳስ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሰው ሲሄድ አይቻለሁ፤ አባቴ ሲሄድ አጠገቡ ነበርኩ። ሰው ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ላቡ ቆመ። ቀጥሎ ከንፈሯ መንቀጥቀጡን ተወ። ዓይኖቿ በክፍሉ ውስጥ ሲዞሩ ቆይተው ጣሪያው ላይ አረፉ፣ ከዚያ ድስቱ ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ። ቆሙ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ደርቆ የኖረ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ እንደሚያቃስተው አቃሰተች።

«ዮልቤር» አለች። «ለምን ታለቅሳለህ? ይህቺ ሴትዮስ ማን ናት?»

«ሐይቃችሁን የምፈልግ ሰው ነኝ» አሉ ዶኛ ፊደሊና፣ ላባቸውን በማስካቸው እየጠረጉ።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ማንም የለም፤ ደፉ ላይ አንድ እንቁላል በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀና ስል አንዲት ሴት እጇን አወዛውዛ ቁልቁል ስትሄድ አየሁ። ቆይቶ ሁለት ድንች ተገኘ። ቆይቶ ደግሞ የውሃ ወረፋው ሽማግሌ ምስር በኩባያ ይዞ መጣና ራቅ ብሎ ቆሞ «ኩባያውን በኋላ መልስልኝ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። የበቆሎ ቂጣ የላከችም አለች።

መስኮቱ ጋ ሄጄ እያንዳንዳቸው ወዴት እንደሚመለሱ ተመለከትኩ። እንቁላል ያመጣችው ሴት የልጅ ቀሚስ የተሰቀለበት ቤት ገባች። ሽማግሌው በዚያ በተንጠለጠለው ቀይ ባልዲ ሥር ጎንበስ ብሎ ቤቱ ገባ። ቀይ ካልተሰቀለበት ቤት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። እጄን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነበር እንደዚያ ቆሜ የማውቀው።

ከኋላዬ እናቴ እንቁላሉን እየበላች ትከራከር ነበር።

«ሁለት ዓመት አጥቼው የነበረ ክኒን እኮ ነው። አሁን እጄ ላይ እያለ እንዴት አልውጠው? እሱን አጥቼ ነው ዓይኔ የደከመው።»

«ካልበላሽ አትውጪም። አለቀ። ይህ ልጅ ምላስ ባይኖረውም ዓይን አለው፤ እየበላሽ መሆኑን ያያል።»

«የመድኃኒት ሣጥን ሙሉ ኖሮኝ ልዘለው ነው እንግዲህ?»

«ነገ ክሊኒኩ ደውዪ። ልክ አይደለሽም ካሉኝ ሳንቃው ላይ በእምብርክክ እሻገራለሁ።»

እናቴ ቂጣውን ቆርሳ አላመጠች። ከዚያ «ይህ አሬፓ ጨው የለውም» አለች።

«የኛ አሬፓ እንደዚያ ነው።»

«ካርቶን ይመስላል።»

«ካርቶን ብሉ ያላችሁ የለም። እዚያ ግድግዳ ላይ ሥዕሏን የሰቀልሻት ድንግል ግን የኛ ናት፤ ቺኪንኪራ ከተማችን ያለችው።»

«ወደ ሐይቃችን በሞገድ የመጣችው ናት» አለች እናቴ።

«እናንተ አገር ለጉብኝት ሄዳ ይሆናላ።»

«የእናንተን አሬፓ ሸሽታ ነው።»

ዶኛ ፊደሊና እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲስሉ ሁላችንም ለአፍታ ደነገጥን፤ ያን ጊዜ ሳል ሁሉ ያስደነግጥ ነበር። «ሳቅ ነው፣ ሳቅ ነው» አሉ እጃቸውን እያርገበገቡ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ደወልን። ነርሷ ያንኑ ነገረችን፤ ምግብ ያጣን ቀን ክኒን ከመዋጡ በፊት እንድንደውል፣ እናቴም ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ እንድትይዝ። ይዛለች። ወረቀቱን እንኳ አልፈታችውም። ያን ጠዋት ከጥርሷ ያወጣሁት እኔ መሆኔን ግን አታስታውስም፤ ስንት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ያን ሐሙስ ዶኛ ፊደሊና ባዶ ድስታቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ነው እናቴ መስኮቱን ያየችው። ቦርሳው ላይ ዓይኗን አሳረፈች።

«ማነው የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

አንገቷን ሰግጋ ማንገቻውን አየች።

«በአንድ ማንገቻ ነው እንዴ የሰቀልከው?» አለች። «ነፋሱ ይወስደዋል። በሁለቱም እሰረው።»

ወንበር ላይ ቆሜ ከወገቤ በላይ በመስኮቱ ወጣሁ። ሁለተኛውን ማንገቻ በሽቦ እያሰርኩ ሳለ ጭጋጉ ተነሥቶ ዳገቱ ከታች እስከ ላይ ታየ፤ የእኛም ቁራጭ ቀይ ከመካከሉ ሆና። ማዶ፣ ባልዲው ካለበት ቤት፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቬኔኮ» ብሎ ጠራኝ። «እናትህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። አልሰማኝም፤ እጁን ወደ ጆሮው አደረገ።

«ደህና ናት። እየበላች ነው።»

ድምፄ ጎርፍ መውረጃውን ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ ሰማሁት።